ውሃ ስንቆጥብ ጨው አከማቸን፦ የአንድ ጉድጓድና የሁለት ሄክታር ማሳ ጉዳይ

ለምን ተመዘገበ

ይህን ማሳ የጎዳው ስንፍና አይደለም። ቁጠባ ነው። ገበሬው ጠንካራ ሰው ናቸው። ውሃ አያባክኑም፤ ወጪያቸውን አንድ በአንድ በደብተር ይጽፋሉ። ማሳቸውን ያጎሳቆለው ግን ይኸው ጥንቃቄያቸው ነበር። ይህን ስረዳ አዘንኩ። ሌላው ሰው እንዲያውቀውም ፈለግሁ።

የሰዎቹን ስም አልጠራም። ለአንባቢ የሚጠቅመው ስማቸው ሳይሆን የማሳው ቁጥር ነው።

መነሻው

ማሳው 2 ሄክታር ነው። ላይኛው ክፍል ከፍ ይላል፤ ታችኛው ዝቅ ብሎ ያልቃል። አፈሩ ሸክላማ ነው። ለብዙ ዓመታት የጠጣው ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ ነበር። ቦሎቄ፣ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም እየተፈራረቁ ይለሙበታል። ቤተሰቡ ሌላ ገቢ የለውም።

ቦዩን የሚጋራው ሰው ሲበዛ ተራው ራቀ። በየሳምንቱ ይደርስ የነበረው ውሃ በየሦስት ሳምንቱ ሆነ። ሽንኩርት ሦስት ሳምንት አይጠብቅም። ስለዚህ ቤተሰቡ ተበድሮ ጉድጓድ አስቆፈረ። ውሃው በብዛት ወጣ። ጥርት ያለ ነው፤ ሽታም የለውም። ገበሬው ቀመሱትና «ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ ይጠጣል» አሉ። ያን ቀን ውሃውን የለካው ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ወቅት ምርት ጥሩ ሆነ። ጉዳዩን አደገኛ ያደረገውም ይህ ነው። መጠነኛ ጨው ያለበት ውሃ ሰብልን በአንድ ጊዜ አይገድልም። ተክሉ ውሃውን ይጠጣና ጨውን አፈር ውስጥ ይተወዋል። ፀሐይም እንዲሁ ውሃውን ወስዳ ጨውን ትታ ትሄዳለች። የተተወው ጨው መከማቸቱን የሚናገረው በሚቀጥለው ወይም በሦስተኛው ወቅት ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ጉድጓዱን አምኖ ብድሩን ይከፍላል።

ምልክቶቹና የተሳሳተው ንባብ

በሁለተኛው ወቅት ቦሎቄው ተበጣጥሶ በቀለ። እዚህ ለምለም፣ እዚያ ባዶ። ገበሬው ዘሩን ጠረጠሩና ከሌላ ሻጭ ገዙ። ለውጥ አልመጣም።

ቀጥሎ የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ይነድድ ጀመር። ቲማቲሙ ደግሞ ቀትር ላይ ይጠወልጋል። አፈሩ ሲነካ ግን እርጥብ ነው። እርጥብ አፈር ላይ የተጠማ ተክል ማየት ለዓይን ግራ ያጋባል። ገበሬው ርሃብ መሰላቸውና ማዳበሪያ ጨመሩ፤ ዩሪያና ፖታሲየም ክሎራይድ። ብዙ ማዳበሪያ ራሱ ጨው ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ ደግሞ የአፈርን ጨዋማነት አብዝተው ከሚያንሩት ማዳበሪያዎች አንዱ ነው። ለታመመ ሰው በሽታውን እንደ መድኃኒት መስጠት ሆነ።

በዚህ ላይ የነዳጁ ወጪ አለ። ቦይ በራሱ ይፈሳል፤ ፓምፕ ግን በሰዓት ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ገበሬው ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ጀመሩ። ውሃው የላይኛውን አፈር አርሶ ይቆማል። ወደ ታች የሚያልፍ የለም። ጨውም የሚሄድበት የለውም።

የደወለልኝ ልጃቸው ነው። በሦስተኛው ወቅት ሽንኩርቱ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ማሳው ዳር ቆመን ሳለ አባትየው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ እኮ አንድ ጠብታ ውሃ አላባከንኩም።» እውነታቸውን ነበር።

ልኬቱ ምን አሳየ

መጀመሪያ ውሃውን ለካን። በእጅ የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ በቂ ነው። ጨው የበዛበት ውሃ ኤሌክትሪክን የበለጠ ያስተላልፋል። ልኬቱ ባጭሩ «ኢሲ» ይባላል፤ መስፈሪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ነው። ከዚህ በታች ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ።

የቦዩ ውሃ 0.4 ሆነ። ፓምፑ ሁለት ሰዓት ከሠራ በኋላ የተቀዳው የጉድጓድ ውሃ 2.4።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ለመስኖ ውሃ ባወጣው መመሪያ ከ0.7 በታች ያለ ውሃ ከጨው አንፃር አያሳስብም። ከ0.7 እስከ 3 ያለው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ3 በላይ ያለው ከባድ ችግር ያመጣል። የዚህ ጉድጓድ ውሃ እንግዲህ መካከለኛው ምድብ ውስጥ ነው። በአያያዝ የሚሠራ ውሃ ነበር ማለት ነው።

ቁጥሩን ወደ ክብደት ስለውጠው ግን የቤተሰቡ ፊት ተለወጠ። በግምት 1 ኢሲ ማለት በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 640 ሚሊግራም ጨው ነው። ስለዚህ 2.4 የሆነ ውሃ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 1.5 ኪሎ ገደማ ጨው ይዞ ይመጣል። በአንድ ወቅት ለአንድ ሄክታር 5,000 ሜትር ኩብ ቢጠጣ ከ7.5 ቶን በላይ ጨው ገባ ማለት ነው። ልጁ በስልኩ ደግሞ አሰላው። «በየወቅቱ አንድ መኪና ጨው እየበተንን ነበር» አለ።

አፈሩ ላይ አንድ ጊዜ ተሳስተናል። ልጁ አፈር በአምስት እጥፍ ውሃ በጥብጦ በዚያው መለኪያ ለካና 0.7 አገኘ። ደስ አለን። ደስታው ከንቱ ነበር። የሰብል ሰንጠረዦች የሚናገሩት በላቦራቶሪ ከተለቆጠ አፈር ተጨምቆ ስለሚወጣው ውሃ ነው። በአምስት እጥፍ የቀጠነ ልኬት በሸክላማ አፈር ከ6 እስከ 9 ጊዜ ሊያንስ ይችላል። ናሙናውን ላቦራቶሪ ስንልክ የላይኛው ማሳ 5.2፣ የታችኛው 8.6 ሆኖ መጣ።

ናሙናውን በሦስት ጥልቀት መውሰዳችን ትልቁን ምስጢር ገለጠው። በላይኛው ማሳ ጨው ወደ ታች እየጨመረ ሄዶ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይበዛል። ይህ ቀጭኑ መስኖ የሚቆምበት ቦታ ነው። በታችኛው ማሳ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከሁሉም የሚበዛው ገጹ ላይ ነው። እዚያ ጉድጓድ ብንቆፍር በ80 ሴንቲ ሜትር ውሃ አገኘን። የከርሰ ምድር ውሃው በአፈሩ ቀዳዳዎች እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይተናል፤ ጨውን ገጽ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ አንድ ማሳ ላይ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ነበሩ። ለአንዱ የሚሆነው መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

ጨው ተክሉን የሚጎዳበት መንገድ

ሥር ውሃ የሚስበው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከአፈሩ ውሃ ይልቅ የተከማቸ ስለሆነ ነው። የአፈሩ ውሃ ጨው ሲበዛበት ልዩነቱ ይጠባል። ተክሉ ውሃ መሃል ሆኖ ይጠማል። ያለውን ጉልበት ለእድገት ሳይሆን ለመምጠጥ ያውለዋል። ከዚያ በላይ ክሎራይድና ሶዲየም ቅጠል ውስጥ ሲከማቹ ጫፉን ያቃጥላሉ።

ሁሉም ሰብል እኩል አይጎዳም። ማስ እና ሆፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት ስሌት እስካሁን ይሠራበታል። እያንዳንዱ ሰብል የሚታገሰው የአፈር ጨው ወሰን አለው። ከዚያ ካለፈ በእያንዳንዱ 1 ኢሲ የተወሰነ በመቶ ምርት ይቀንሳል። ቦሎቄ የሚታገሰው እስከ 1.0 ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ1 ኢሲው 19 በመቶ ያጣል። ሽንኩርት 1.2 እና 16 በመቶ። ቲማቲም 2.5 እና 9.9 በመቶ። ገብስ እስከ 8 ድረስ ይችላል፤ ከዚያ በላይ 5 በመቶ ብቻ ያጣል።

አሁን ይህን ወደ ማሳው እናምጣው። በመጠኑ ጠለቅ ተደርጎ ቢጠጣ ኖሮ፣ ማለትም ከሚሰጠው ውሃ ከ15 እስከ 20 በመቶው ከሥር በታች ቢያልፍ፣ የአፈሩ ጨው ከውሃው 1.5 እጥፍ ገደማ ላይ ይረጋ ነበር። 2.4 በ1.5 ሲባዛ 3.6 ነው። በ3.6 ሽንኩርት 38 በመቶ፣ ቲማቲም ደግሞ 11 በመቶ ያጣል። በ5.2 ግን ሽንኩርት 64 በመቶ፣ ቲማቲም 27 በመቶ ያጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተቆጠበው ነዳጅ ያስከፈለው ነው።

ደብተሩ

የገበሬው ደብተር ባይኖር ይህ ጽሑፍ ግማሽ ይሆን ነበር። በገንዘብ ስም ሳይሆን ከመቶ እያሰላሁ አቀርበዋለሁ። በደህናው ጊዜ ከአንድ የሽንኩርት መደብ የሚገባው ገንዘብ 100 ቢሆን ወጪው 65 ነበር። የሚቀረው 35።

ብዙ ሰው ምርት በ10 በመቶ ሲቀንስ ገቢም በ10 በመቶ የሚቀንስ ይመስለዋል። ማረሻው፣ ዘሩ፣ ማዳበሪያውና ብድሩ ግን ምርት ስለቀነሰ አይቀንሱም። ከ100 ውስጥ 10 ሲጎድል የሚጎድለው ከትርፉ ነው። 35 የነበረው 25 ይሆናል። የምርቱ ጉዳት 10 በመቶ ነው፤ የቤተሰቡ ጉዳት 29 በመቶ። ምርቱ በ35 በመቶ ሲቀንስ ደግሞ ትርፍ የሚባል ነገር አይኖርም። ሰብሉ ከርቀት ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ቤቱ ግን ኪሳራ ውስጥ ነው።

በሦስተኛው ወቅት የሆነው ከዚህም ይከፋል። የሽንኩርቱ ምርት ወደ 42 በመቶ ወረደ። ኮረቱ ስላነሰ ገዢ ዋጋ ሰበረ። የገባው 35 ብቻ ሆነ። ለለቀማና ለጆንያ የሚወጣው 8 ቀነሰ፤ ለነዳጅና ለተጨማሪ ማዳበሪያ ግን 15 ተጨመረ። ወጪው 72 ደረሰ። ከ35 ትርፍ ወደ 37 ኪሳራ ማለት ነው። ገበሬው ይህን መስመር በእርሳስ ጽፈው ከሥሩ ሁለቴ አስምረውበታል። ያን ገጽ ሳይ ለምን እንቅልፍ እንዳጡ ገባኝ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የተወሰነው የቦዩን ውሃ እንዴት እንጠቀምበት የሚለው ነው። የልጁ ሐሳብ ሁለቱን ውሃ ኩሬ ውስጥ መቀላቀል ነበር። ግማሽ በግማሽ ቢቀላቀል 1.4 ይሆናል። አንድ ወቅት ሞከርነው። በስሌቱ እንኳ ሽንኩርቱ 14 በመቶ ያጣል፤ አፈሩ ውስጥ ገና ያልታጠበ ጨው ስለነበረ ያጣው ከዚያ በላይ ሆነ። ቲማቲሙ ደግሞ ያን ያህል ጥሩ ውሃ አያስፈልገውም ነበር። ደህናውን ውሃ ሁሉም ላይ በትነን ለማንም ሳይበቃ ቀረ።

በቀጣዩ ወቅት ለየነው። የቦዩ ውሃ በሙሉ ለግማሽ ሄክታር ሽንኩርት ተመደበ። የተረፈው ለሌሎቹ ሰብሎች ችግኝነት ጊዜ ብቻ ሆነ፤ ብዙ ተክል በጣም የሚጎዳው ገና ሲበቅል ነውና። ሥር ከያዘ በኋላ ቲማቲሙ ወደ ጉድጓዱ ውሃ ተዛወረ። ቦሎቄ ከማሳው ወጣ። ገበሬው ይህን በቀላሉ አልተቀበሉትም፤ አባታቸውም ይዘሩት ነበርና። ቁጥሩን ካዩ በኋላ ግን «እሺ፣ ይቅር» አሉ።

ሁለተኛው እርምጃ ጨውን ማጠብ ነው። ማጠብ ማለት ተክሉ ከሚፈልገው በላይ ውሃ ሰጥቶ ትርፉ ጨውን ይዞ ከሥር በታች እንዲወርድ ማድረግ ነው። ምን ያህል ትርፍ? ቀመሩ ቀላል ነው። የአፈሩን የሚፈቀድ ጨው በ5 አባዝቶ የውሃውን ኢሲ መቀነስ፤ ከዚያ የውሃውን ኢሲ ለዚያ ማካፈል። ለቲማቲም 2.5 በ5 ሲባዛ 12.5፣ 2.4 ሲቀነስ 10.1። 2.4 ለ10.1 ሲካፈል 24 በመቶ ይመጣል። ተክሉ 500 ሚሊ ሜትር ውሃ የሚፈልግ ከሆነ 660 ገደማ መስጠት ያስፈልጋል። ለሽንኩርት በዚሁ ጉድጓድ ውሃ ብናሰላው 67 በመቶ ይሆናል። ከሚቀዳው ውሃ ሁለት ሦስተኛው ለማጠቢያ ብቻ ይውላል ማለት ነው፤ ይህ አያዋጣም። ሽንኩርቱን ከጉድጓዱ ለመለየት ያሳመነን ይህ ስሌት ነው።

ለገበሬው ይህ ከሁሉም ከባድ ነበር። «ቆጥቤ ከሰርኩ፤ አሁን ደግሞ አባክን ትለኛለህ?» አሉኝ። አባከኑ አይባልም፤ ጨው መሸኛ ነው አልኳቸው። በሰብል ወቅት መሃል ከማጠብ ይልቅ ሰብል በሌለበት፣ አየሩ በቀዘቀዘበትና የቦይ ውሃ በሚተርፍበት ጊዜ ማጠብን መረጥን። ትነቱ ያንሳል፤ ውሃውም ንጹህ ነው። አንድ ጊዜ አጥለቅልቆ ከማቆየት ይልቅ አጠጥቶ፣ አሳርፎ፣ ደግሞ ማጠጣት በትንሽ ውሃ ብዙ ጨው ያወርዳል። በላይኛው ማሳ ሠራ። በአንድ የእረፍት ጊዜ 5.2 የነበረው ወደ 3.4 ወረደ።

ሦስተኛው የአተካከል ለውጥ ነው። በመደቦች መካከል ባሉ ትናንሽ ቦዮች ሲጠጣ ውሃ ከሁለት በኩል ወደ መደቡ ሲሰርግ ጨውን እየገፋ መሃል ጀርባው ላይ ያስቀምጠዋል። ችግኝ የሚተከለው ደግሞ ልክ እዚያው ላይ ነበር። ወደ መደቡ ትከሻ አወረድነው። ምንም ወጪ የለውም። የደረቀው ችግኝ ቁጥር ወዲያው ቀነሰ። ከሁሉም እርምጃ በርካሽ ዋጋ ብዙ የጠቀመው ይህ ይመስለኛል።

ከዚህ ሌላ ፖታሲየም ክሎራይድ በፖታሲየም ሰልፌት ተተካ። ማዳበሪያውም በአንዴ ሳይሆን ተከፋፍሎ ይሰጥ ጀመር። መደቦቹ ላይ የገለባ ጉዝጓዝ ተነጠፈ፤ ትነትን ይቀንሳል።

ያልሠራው

በታችኛው ማሳ ያደረግነው የመጀመሪያ እጥበት ውድቀት ነበር። የኔ ጥፋት ነው። ውሃው ስድስት ቀን ቆሞ ቀረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነጩ ቅርፊት ከበፊቱ ወፍሮ ተመለሰ። የከርሰ ምድር ውሃው 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆኖ ከላይ ውሃ መጨመር የሞላ ገንዳ ላይ መጨመር ነው። መውጫ ሳይኖር እጥበት የለም። ይህን ቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ግን ቸኮልኩ። በኋላ በማሳው ዝቅተኛ ዳር 1.8 ሜትር ጥልቀት ያለው የማጠንፈፊያ ቦይ ተቆፈረ። የከርሰ ምድር ውሃው ዝቅ እስኪል ወራት ፈጀ። ከዚያ በኋላ የተደረገው እጥበት ሠራ።

ሌላው ጂፕሰም ነው። አንድ ሻጭ «ጨውን ያጠፋል» ብሎ ለመላው ማሳ ሸጠላቸው። ጂፕሰም ጨው አያጠፋም። የሚጠቅመው አፈሩ ሶዲየም ሲበዛበት ነው። በውስጡ ያለው ካልሲየም ሶዲየሙን ከሸክላው ላይ ያስለቅቀዋል፤ ከዚያም ውሃ አጥቦ ያወርደዋል። የላይኛው ማሳ ፒኤች፣ ማለትም የአፈሩ የአሲድነትና የአልካላይነት ልኬት፣ 7.9 ነበር፤ ሶዲየሙም ዝቅተኛ ነው። እዚያ የተበተነው ጂፕሰም ለውጥ አላመጣም። ታችኛው ማሳ ግን ፒኤቹ 8.7፣ አፈሩም ሲረጥብ የሚላቁጥ፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ የሚጠነክር ነበር። እዚያ ረዳ፤ ያውም የማጠንፈፊያው ቦይ ከተቆፈረ በኋላ። ከተገዛው ውስጥ ሦስት አራተኛው በከንቱ ሄደ። የአንድ ናሙና ምርመራ ቢቀድም ያ ሁሉ ወጪ አይወጣም ነበር።

ጠብታ መስኖ በሩብ ሄክታር ቲማቲም ላይ ተሞከረ። ግማሽ ተሳካ። ጠብታ ሥሩ አካባቢ ያለውን አፈር ሁልጊዜ እርጥብ ስለሚያደርግ ጨውን ወደ እርጥበቱ ዳር ይገፋዋል። ይህ መልካም ነው። ችግሩ ቀላል ዝናብ ሲዘንብ መጣ። ዝናቡ ዳር ላይ የቆመውን ጨው መልሶ ወደ ሥሩ ወሰደው። በማግስቱ ችግኞቹ ተኮማትረው አገኘናቸው። መፍትሔው ለሰሚ እንግዳ ነው፤ ሲያካፋ ጠብታውን መክፈት። ገበሬው መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ግን በሌሊት ሳይቀር ተነስተው ይከፍቱት ጀመር። በቀዳዳዎቹ ላይ የሚጋገረው ነጭ ኖራም አስቸግሯል። ማጽጃና ማጣሪያ ያላሰበ ሰው ጠብታን በጨዋማ ውሃ ባይጀምር ይሻለዋል።

ገብስም በመጀመሪያ ሙከራው ተበጣጥሶ በቀለ። እስከ 8 የሚችለው ካደገ በኋላ ነው። ሲበቅል ከ4 ወይም 5 በላይ ይከብደዋል። በቀጣዩ ዓመት በዘር ጊዜ የቦይ ውሃ ሲያገኝ በሚገባ ያዘ።

ከሦስት ወቅት በኋላ

ሽንኩርቱ ግማሽ ሄክታር ላይ ብቻ ነው፤ የአፈሩ ጨው 1.6 ደርሷል። ቲማቲሙ አንድ ሄክታር ይዟል፤ አፈሩ 2.9 ነው። በስሌቱ ቲማቲሙ የሚያጣው 4 በመቶ ገደማ ነው፤ ደብተሩም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ፍሬው በመጠኑ አንሷል፤ ጣዕሙ ግን ጣፍጧል። መጠነኛ ጨው የቲማቲምን ስኳር ያበዛልና። ታችኛው ግማሽ ሄክታር ገብስ ነው።

ገብሱ ከቲማቲሙ ጋር ሲነጻጸር በሄክታር የሚያስቀረው ትርፍ ከሩብ ያንሳል። ይህን የምጽፈው «ጨው የሚችል ሰብል ዝሩ» የሚለው ምክር ብቻውን እንደማይበቃ ለማሳየት ነው። ላይኛው ማሳ ላይ ገብስ ቢዘራ ምርቱ ሙሉ ይሆን ነበር። ቤተሰቡ ግን ብድሩን መክፈል አይችልም ነበር። ጥቂት እያጣ የሚያተርፍ ቲማቲም ምንም ከማያጣ ገብስ ይሻላል። በታችኛው ማሳ ሒሳቡ ይገለበጣል። እዚያ ቲማቲም ከወጪው በታች ነው የሚያመርተው።

በአጠቃላይ የቤተሰቡ ትርፍ ከጉድጓዱ በፊት ከነበረው ሦስት አራተኛ ገደማ ላይ ቆሟል። ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ነዳጁም፣ ለማጠቢያ የሚሄደው ውሃም ቋሚ ወጪ ሆነዋል። ብድሩ ግን እየተከፈለ ነው።

ለሌላ ማሳ የሚሆነው

አዲስ ጉድጓድ ያወጣ ሰው ፓምፕ ከመግዛቱ በፊት ውሃውን ይለካ። ፓምፑ ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ ይቅዳ፤ በደረቅ ወቅት ደግሞ ይድገመው። የኛ ጉድጓድ በዓመቱ ውስጥ ከ2.1 እስከ 2.6 ይዋልላል። አንድ ልኬት አያስተማምንም።

የመጀመሪያው ወቅት ጥሩ ምርት ለውሃው ምስክር አይሆንም። አፈሩን በየዓመቱ በተመሳሳይ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ቦታና በሦስት ጥልቀት መለካት ያስፈልጋል። ጨው የበዛበትን ጥልቀት ማወቅ ውሃው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይናገራል። ከሥር የሚበዛ ከሆነ ከላይ እየወረደ ነው፤ ተጨማሪ ውሃ ሊያወርደው ይችላል። ገጽ ላይ የሚበዛ ከሆነ ከታች እየወጣ ነው፤ መጀመሪያ መውጫ ይቆፈርለት።

እርጥብ አፈር ላይ የሚጠወልግ ተክል ካዩ ማዳበሪያ ከመጨመርዎ በፊት ጨውን ይጠርጥሩ። ሥሩን የሚያበሰብስ በሽታም ተመሳሳይ መልክ አለው፤ መለኪያው ሁለቱን ይለያቸዋል።

ሁለት ዓይነት ውሃ ያለው ሰው ከመቀላቀሉ በፊት ያስብ። ጥሩው ውሃ ለስስ ሰብልና ለችግኝ ሲሰጥ የሚያስገኘው ሁሉም ላይ ከሚበተነው ይበልጣል። ጨው በሚችል ሰብል ላይ ጥሩ ውሃ ማፍሰስ ኪሳራ ነው።

የሰብል ምርጫውም በደብተር ይወሰን። የሚጠበቀውን የምርት ቅናሽ ከሰንጠረዡ ወስዶ ከራስ ወጪ ጋር ማስላት ነው። የኛ ቤተሰብ ወጪ ከገቢው 65 በመቶ ስለነበረ 35 በመቶ የምርት ቅናሽ ጣሪያቸው ነበር። ወጪው 80 በመቶ የሆነ ሰው ጣሪያው 20 ነው። ይህን ቁጥር ሳያውቅ የሚዘራ ሰው ኪሳራውን የሚያውቀው ገበያ ላይ ነው።

ያልተዘጋው ነገር

ከማጠንፈፊያው ቦይ የሚወጣውን ውሃ ለካነው። 9 ሆነ። ከጉድጓዱ ውሃ አራት እጥፍ ሊጠጋ ነው። ሊያስደንቅ አይገባም፤ ከአፈሩ የታጠበው ጨው ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። ለጊዜው ከማሳው በታች ወዳለ ሰፊ የሣር መሬት ይፈሳል። ሣሩ ጨው ይችላል፤ ከብትም ይበላዋል። ከዚያ በታች ግን ሌላ ቤተሰብ አለ፤ እነሱም ጉድጓድ አላቸው።

ልጁ በየወሩ የእነሱንም ጉድጓድ እየለካ በአባቱ ደብተር ላይ ይጽፋል። እስካሁን 1.1 ላይ ነው። ከ1.3 ካለፈ የማጠንፈፊያውን ውሃ ሌላ ቦታ ለመውሰድ ሁለቱ ቤተሰቦች ተስማምተዋል። ቦታው ገና አልተገኘም።